የሆድን ለማን?

«የሆዴን በሆዴ» ብሎ መኖር በእኛ ዘንድ እንደ ጨዋነት ሲቆጠር የኖረ ነገር ነው። ባል ከመሥሪያ ቤት የከፋውን ይዞ ይገባል፤ «ምን ሆንክ?» ሲባል «ምንም» ይላል። ሚስት ቀኑን ሙሉ ስታብሰለስል የዋለችውን ነገር እራት ስታቀርብ ትውጠዋለች። ልጅም ከሁለቱ የተማረውን ያደርጋል፤ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ነገር ግን የተዋጠ ሁሉ አይፈጭም። ሆድ የያዘው ነገር አንድ ቀን መውጫ ይፈልጋል። ቀድሞ መውጫው የጎረቤት ቡና ነበር፤ ወይም የልብ ጓደኛ፤ ወይም የጸሎት ባልንጀራ።

ዛሬ ግን ብዙዎች፣ ይልቁንም ወጣቶች፣ የሆዳቸውን የሚያወሩት ፊቱን አይተውት ለማያውቁት ሰው ነው። እነርሱም ራሳቸው በገዛ ስማቸው አይናገሩም። በሌላ ስም፣ በሌላ ማንነት ተሸፍነው ይናገራሉ። ይህ ከሚሆንባቸው ስፍራዎች አንዱ በኢንተርኔት የሚደረገው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለ ጨዋታው ደግነት ወይም ክፋት አይደለም። የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ሰው ምሬቱን፣ ብሶቱን፣ በቤቱና በሥራው ላይ ያለውን ቅሬታ እዚያ ሲያፈስስ ምን ይሆናል? ይሻለዋልን? ቤቱስ ምን ይሆናል?

ነገሩ ምንድን ነው?

ለማያውቁት አንባብያን ጥቂት ላስረዳ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ አሳተሙ። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረው፣ አንዱ ወታደር፣ ሌላው ሐኪም፣ ሌላው ሌባ ሆነው ታሪኩን አብረው በአፋቸው ይሠሩታል። በ1978 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾና ሪቻርድ ባርትል የተባሉ ተማሪዎች ይህንኑ ዓይነት ጨዋታ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በኮምፒዩተር እንዲጫወቱት አደረጉ። በዚያን ጊዜ ሥዕል አልነበረውም፤ ሁሉም በጽሑፍ ነበር። በ2004 የወጣው «ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» ግን ነገሩን ወደ ብዙ ቤቶች አስገባው፤ በ2010 ደንበኞቹ ከ12 ሚሊዮን በላይ መድረሳቸውን ባለቤት ድርጅቱ አስታውቆ ነበር።

በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ሰዎች ማኅበር ያበጃሉ። አንዳንዶቹ የሚሰበሰቡት ለመዋጋት ሳይሆን ታሪክ አብሮ ለመጻፍ ነው። እዚያ አንድ የታወቀ ደንብ አለ፤ ገጸ ባሕርዩ የሚናገረውና ሰውየው ራሱ የሚናገረው መለየት አለበት። ስለዚህ ሰውየው ስለ ራሱ ጉዳይ መናገር ሲፈልግ ቃሉን በድርብ ቅንፍ ውስጥ ያስገባዋል፤ «ይህን የምለው እኔ ነኝ እንጂ ገጸ ባሕርዬ አይደለም» ማለቱ ነው። በብዙ ማኅበራትም ከታሪኩ ውጭ የግል ወሬ የሚወራበት፣ አንዳንድ ጊዜም ለብሶት ብቻ የተለየ ክፍል አለ።

ደንቡ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰው ስሜት በቅንፍ አይታጠርምና። በጨዋታው ዓለም ያሉ ሰዎች አንድ ነገር ያውቃሉ፤ የተጫዋቹ ስሜት ወደ ገጸ ባሕርዩ፣ የገጸ ባሕርዩም ስሜት ወደ ተጫዋቹ ይሻገራል። እንበልና አንድ ሰው ቀን በአለቃው ፊት ተዋርዷል። ማታ ገጸ ባሕርዩ ያለ ምክንያት ከባልንጀሮቹ ጋር ይጣላል። ሌሎቹ «ታሪኩ ነው» ብለው ያስባሉ። እርሱ ግን አለቃውን እየመለሰለት ነው። በሌላኛው ጫፍ ተቀምጣ ስድቡን የምትቀበለው ሰው ደግሞ የማታውቀው ሰው ዕዳ እየከፈለች ነው።

ጭምብል አፍ ይፈታል

በሌላ ድምፅ መናገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሰምና ወርቅ የተናገሩ አባቶቻችን፣ ወፍጮ ላይ ሆነው በእንጉርጉሮ ብሶታቸውን ያሰሙ እናቶቻችን ሰው ፊት ለፊት ማለት የማይችለውን በሽፋን እንደሚለው ያውቁ ነበር። ነቢዩ ናታንም ወደ ዳዊት በሄደ ጊዜ ነገሩን በቀጥታ አልጀመረም። አንዲት የበግ ግልገል ብቻ የነበረችውን የድሃ ሰው ታሪክ አስቀደመ (2ኛ ሳሙ. 12)። ሽፋን በራሱ ክፉ አይደለም። ብዙ ጊዜ እውነት ወደ ልብ የሚገባበት በር ነው።

ነገር ግን የናታን ታሪክ በታሪክነቱ አላበቃም። ሽፋኑ ተነሣ፤ ዳዊትም «ያ ሰው አንተ ነህ» የሚለውን ነገር ፊት ለፊት ሰማ። በኢንተርኔት ያለው ጭምብል ግን እንዳይነሣ ሆኖ ሊኖር ይችላል። ጆን ሱለር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ2004 ባሳተሙት ጽሑፍ ሰው በኢንተርኔት ላይ ልጓሙ የሚላላበትን ምክንያት ዘርዝረው ነበር። ማንነቱ አይታወቅም፤ ፊቱ አይታይም፤ መልሱም ወዲያው አይመጣበትም፤ በልቡም «ይህ ጨዋታ ነው» ይላል። ምሁሩ እንዳሉት ይህ መላላት ሁለት ፊት አለው። አንዳንዱ ሰው በእርሱ ምክንያት የተደበቀ ሕመሙን ይናገራል፤ ደግነትም ያሳያል። ሌላው ደግሞ ፊት ለፊት ፈጽሞ የማይለውን ክፉ ቃል ይወረውራል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊሆኑ መቻላቸው ነው።

የኖርዌዩ ወጣት

ይህን ከማንም በላይ የሚያሳየን የማትስ ስቴን ሕይወት ነው። ማትስ በ1989 ኖርዌይ ውስጥ ተወለደ። ዱሼን የሚባል፣ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያደክም ሕመም ነበረበት። ልጅ ሳለ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለ፤ በመጨረሻም የሚንቀሳቀሱለት ጣቶቹ ብቻ ሆኑ። በኅዳር 2014 በ25 ዓመቱ ዐረፈ። አባቱ ሮበርትና እናቱ ትሩደ ልጃቸው አብዛኛውን ጊዜውን በኮምፒዩተር ጨዋታ በማሳለፉ ያዝኑ ነበር። ወዳጅ ሳይኖረው፣ ለማንም ሳይጠቅም ያለፈ መስሏቸው ልባቸው ተሰብሮ ነበር።

ማትስ በኢንተርኔት የግል ማስታወሻ ይጽፍ ነበርና አባቱ የመግቢያውን ቃል ተጠቅሞ የልጁን መሞት እዚያ ላይ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጠበቁም። ከብዙ አገር ደብዳቤ ጎረፈላቸው። ማትስ በ«ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» ውስጥ «ስታርላይት» የሚባል ማኅበር አባል ነበር፤ የገጸ ባሕርዩም ስም «ኢበሊን» ነበር። በመጨረሻዎቹ ዐሥር ዓመታት ከ15 እስከ 20 ሺህ ሰዓት የሚሆን ጊዜ በጨዋታ አሳልፏል። ወንበር ላይ የዋለው ልጅ እዚያ ውስጥ ይሮጥ ነበር። ለቀብሩም ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች የማኅበሩ ሰዎች ኦስሎ ድረስ መጡ። ታሪኩን ቤንጃሚን ሬ የተባለ ኖርዌጂያዊ በፊልም ሠርቶት በ2024 ለዓለም ቀርቧል።

በዚያ ፊልምና በታተሙት ዘገባዎች ውስጥ ማትስ የሰው ብሶት ሰሚ ሆኖ እናገኘዋለን። ኔዘርላንድ የምትኖር አንዲት ወጣት ነበረች። የትምህርት ውጤቷ ሲቀንስ ወላጆቿ ኮምፒዩተሯን ወሰዱባት፤ እርሷም ከወዳጆቿ ተቆርጣ አዘነች። ማትስ ለወላጆቿ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ልብ በሉ፤ ከእርሷ ጋር ሆኖ ወላጆቿን አላማም፤ ወደ ወላጆቿ ሄደ። ከልጇ ጋር መቀራረብ የከበዳትን አንዲት እናትም ልጇን በጨዋታው ውስጥ እንድታገኘው መከራት፤ ለእነርሱም የመቀራረቢያ በር ሆነላቸው። እንግዲህ ጥሩ ሰሚ ማለት ይህ ነው። ብሶቱን ሰምቶ ሰውየውን ወደ ቤቱ የሚመልስ ነው።

ፊልሙ ግን መልካሙን ብቻ አያሳይም። ማትስ የሌላውን ሸክም ሲሰማ የራሱን ለረጅም ጊዜ ሸሽጎ ነበር። ወዳጆቹ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ መሆኑን አያውቁም ነበር። ሕመሙ በበረታ ጊዜም ምሬቱ በሌላ መንገድ ወጣ፤ የሚወዱትን ሰዎች በክፉ ቃል ያስቀየመበት ወቅት ነበር። እነርሱ ቁጣውን ያዩ ነበር እንጂ ሕመሙን አያዩም ነበር። በሕይወቱ ፍጻሜ አካባቢ እውነቱን በገለጠ ጊዜ ግን ሊረዱት ቻሉ።

የዚህን ቤተሰብ ሐዘን በጥሞና ስናየው አንድ ነገር ይታየናል። ወላጆቹ ሕመሙን ያውቃሉ፤ ወዳጆቹን አያውቁም። ወዳጆቹ ልቡን ያውቃሉ፤ ሕመሙን አያውቁም። ሁሉም ይወዱት ነበር፤ ሁሉም የያዙት ግን ግማሹን ነበር። በጭምብል የሚፈስ ብሶት ዋናው ችግር ይህ ይመስለኛል። ሰሚ አጥቶ አይደለም፤ ሙሉውን ሰው የሚሰማ አጥቶ ነው።

ማፍሰስ ሁሉ ያሽራልን?

ብዙዎች «ተናግሬ ወጣልኝ» ይላሉ። ቁጣ እንደ ታፈነ እንፋሎት ነው፤ ካልወጣ ያፈነዳል ብለን እናምናለን። በ2002 ብራድ ቡሽማን የተባሉ ተመራማሪ ይህንን በ600 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ፈትነውት ነበር። ተማሪዎቹ የጻፉት ጽሑፍ በክፉ ቃል ተነቅፎ እንዲቆጡ ተደረገ። ከዚያም አንዱ ቡድን ያስቆጣውን ሰው እያሰበ የቦክስ ከረጢት እንዲደበድብ፣ ሁለተኛው ስለ ሰውነት ማጠንከር እያሰበ እንዲደበድብ፣ ሦስተኛው ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ተደረገ። ያስቆጣውን ሰው እያሰበ የደበደበው ቡድን ከሁሉ ይልቅ ተቆጥቶ ተገኘ። ቁጣው የቀለለው ዝም ብሎ የተቀመጠው ነበር። በ2024 ደግሞ እኚሁ ምሁር ከባልደረባቸው ጋር ከ10 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 154 ጥናቶች በአንድነት መርምረው፣ ቁጣን የሚያበርደው ሰውነትን የሚያረጋጋ ነገር እንጂ ቁጣን ማውጣት እንዳልሆነ አሳይተዋል። መጽሐፈ ምሳሌ ቁጣውን ሁሉ የሚያወጣው ሰነፍ ነው፤ ጠቢብ ግን ይገታዋል ማለቱን (ምሳ. 29፥11) ሳይንሱ ዘግይቶ ደረሰበት ማለት ነው።

ታዲያ ዝም እንበል? አይደለም። ጄምስ ፔኒቤከር የተባሉ ሌላ ምሁር በ1986 ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ ለ15 ደቂቃ በሕይወታቸው ያገኛቸውን ከባድ ነገር እንዲጽፉ ተደረገ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት ተማሪዎች በጻፉበት ሰዓት ሐዘናቸው ጨምሮ ነበር፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ሐኪም የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ቁጣን መወርወር አንድ ነገር ነው፤ ሐዘንን መግለጥ ሌላ ነገር ነው። አንደኛው «እርሱ እንዲህ ነው፤ እርሷ እንዲያ ናት» ይላል። ሁለተኛው «እኔን እንዲህ ሆነብኝ፤ እንዲህም ተሰማኝ» ይላል።

ሦስተኛም ወጥመድ አለ። አማንዳ ሮዝ የተባሉ ተመራማሪ በ2002 እንዳሳዩት አንድን ችግር ደጋግመው፣ እያገላበጡ የሚያወሩ ወዳጆች ይበልጥ ይቀራረባሉ፤ ነገር ግን ከዚያው ጋር የመንፈስ ጭንቀት ምልክት ይበዛባቸዋል። በብሶት የተሠራ ወዳጅነት ብሶቱ እንዲቀጥል ይፈልጋልና። በየማታው የሚገናኙ ሰዎች የሚያገናኛቸው ምሬት ብቻ ከሆነ፣ አንዱ ከባለቤቱ ጋር ታርቆ ቢመጣ ምን ያወራላቸዋል?

መጽሐፍ ቅዱሳችን ብሶተኛን አያሳፍርም። ሐና በእግዚአብሔር ፊት ነፍሷን አፈሰሰች፤ ካህኑ ዔሊ ግን ሰካራም መስላው ነበር (1ኛ ሳሙ. 1)። መዝሙረኛውም መከራውን በጌታ ፊት ይዘረግፋል (መዝ. 142)። ነገር ግን አስተውሉ። እነዚህ ሰዎች ያፈሰሱት ሙሉውን በሚያውቃቸው ፊት፣ በገዛ ስማቸው ነው። መዝሙር 13ን ብታነቡ የጀመረበትና የጨረሰበት ስፍራ አንድ አይደለም። ብሶቱ መንገድ ሆነለት እንጂ ቤት አልሆነለትም።

የጓዳችን ነገር

አሁን ወደ ባለትዳሮች ልምጣ። እኅቴ ሆይ፣ ማታ ባልሽ ተኝቶ አንቺ በምታውቂው ስም፣ ለማያውቁሽ ሰዎች ስለ እርሱ ስትጽፊ፣ የሚሰሙሽ ሁሉ ያዝኑልሻል። ለምን አያዝኑ? የሰሙት የአንዱን ወገን ብቻ ነው። ፊተኛው ተናጋሪ ጻድቅ እንደሚመስል፣ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ መሆኑን ጠቢቡ አስቀድሞ ነግሮናል (ምሳ. 18፥17)። እዚያ የሚመረምር ባልንጀራ የለም። ባልሽ ጧት ሲነሣ ከእርሱ ጋር ያልተደረገ ክርክር ተፈርዶበት ያድራል፤ ለምን ፊትሽ እንደ ጠቆረም አያውቅም።

ወንድሜ ሆይ፣ አንተም «ሚስቴ አትረዳኝም» ያልካት ሴት የምትረዳህ ትመስልሃለች። እርሷ ግን ልጅህ ታሞ ሌሊቱን ከአንተ ጋር አልተቀመጠችም፤ የቤት ኪራይ ሲጨምርም አላየችህም። አንተም የምታውቃት በገጸ ባሕርይዋ ነው። ያልተፈተነ ርኅራኄ ሁልጊዜ ከተፈተነው ይልቅ ለስላሳ ነው። ብዙ የልብ መሸፈት የሚጀምረው በምኞት አይደለም፤ በብሶት ነው።

ደግሞም የተጻፈ ነገር ይቀመጣል። የማትስ ማኅበር አባላት በጨዋታው የተነጋገሩትን መዝግበው አስቀምጠውት ስለነበር ፊልሙ የተሠራው 42 ሺህ ገጽ ከሚያህል ምልልስ ነው። ለሮበርትና ለትሩደ ይህ መዝገብ የልጃቸው ሕይወት የተገለጠበት ስጦታ ሆነላቸው። እስቲ ስለ ትዳራችን የጻፍነው ሁሉ ተሰብስቦ ልጆቻችን ፊት ቢነበብ ስጦታ ይሆናልን?

ሌላም ወገን አለ፤ እርሱም ሰሚው ነው። በዚያ ማኅበር ውስጥ ያለው ሰው ለመጫወት የመጣ ነው። ምናልባት የ15 ዓመት ልጅ ነው። ምናልባት እርሷም ያለቀሰች መጥታለች። አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ታዘናል፤ እያንዳንዱም የራሱን እንዲሸከም ታዘናል (ገላ. 6)። ሳይጠየቅ የተጫነበት ሰው ግን ተሸካሚ ሳይሆን ተረጋጭ ነው።

ሰው ለምን እንግዳን ይመርጣል?

ውድ አንባብያን፣ እስካሁን ስለሚናገረው ሰው ተናገርን። ስለማይሰሙት ዝም ብንል ግን ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል። በምክር አገልግሎት ላይ ለተቀመጥን ሰዎች አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ሰው የሆዱን ለእንግዳ የሚያወራው እንግዳን ስለሚወድ ሳይሆን የቅርቡን ስለሚፈራ ነው።

በቤታችን «ከፋኝ» ያለ ልጅ «ምን ጎደለህ? እኛ በአንተ ዕድሜ...» የሚል ስብከት ይቀበላል። «ደከመኝ» ያለች ሚስት «እኔስ?» የሚል መልስ ታገኛለች። በቤተ ክርስቲያንም «ጸልዩልኝ» ብሎ በጓዳ የተነገረ ነገር በሳምንቱ የጸሎት ርእስ ተብሎ ሦስት ቤት ዞሮ ይመለሳል። ምስጢርን የሚገልጥ ሐሜተኛ ነው የሚለው ቃል (ምሳ. 11፥13) ዓይናችንን ከድነን በምንናገረውም ላይ ይሠራል። ዔሊ ሐናን ሳይሰማ እንደ ፈረደባት እኛም ሳንሰማ እንመልሳለን። ታዲያ ስሙን የማያውቅ፣ የማይሰብክ፣ ለእናቱ የማይናገር ሰው ያገኘ ወጣት ወደዚያ ቢሮጥ ምን ይደንቃል? የኢዮብ ወዳጆች እንኳ መልካም ያደረጉት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ ነበር (ኢዮ. 2፥13)። ነገሩ የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ብሶታችሁን በእንዲህ ያለ ስፍራ የምትናገሩ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣

• በትኩሱ አትጻፉ። መጀመሪያ ረጋ በሉ፤ ተንፍሱ፤ ጸልዩ። ያን ጊዜም ማለት የምትፈልጉት ከሆነ ያኔ ተናገሩት።

• በገጸ ባሕርያችሁ አፍ አትጣሉ። ከፍቷችሁ ከሆነ ከታሪኩ ውጡና «ዛሬ ከፍቶኛል» በሉ። «ልትሰማኝ ትችላለህ?» ብላችሁም አስቀድማችሁ ጠይቁ። «አልችልም» ቢል አትቀየሙ።

• የራሳችሁን ሐዘን ተናገሩ፤ የትዳር ጓደኛችሁን ገመና አትግለጡ። ሁለቱ ይለያያሉ። ጥርጣሬ ከገባችሁ እርሱ ወይም እርሷ አጠገባችሁ ተቀምጠው ቢያነቡት ትጽፉት እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። በቤት ዱላ ወይም ማስፈራራት ካለ ግን ይህ ገመና አይደለም። ለሚታደጋችሁ ሰው ፈጥናችሁ ንገሩ።

• ሙሉውን የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ሰው በአካል ይኑራችሁ።

የትዳር ጓደኛ ለሆናችሁ፣ ስልክ መንጠቅና መበርበር የተዘጋ አፍ አይከፍትም። ይልቅ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ ልጆች ተኝተው፣ በሳምንት አንድ ምሽት ለመደማመጥ ለዩ። አንዱ ሲናገር ሌላው መፍትሔ አያቅርብ፤ ራሱንም አይከላከል፤ የሰማውን ብቻ ደግሞ ይንገር። «እንዲህ ነው የተሰማህ ማለት ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ብዙ ምክር ያላመጣውን ያመጣል። ሰው ሳይሰማ መመለሱ ስንፍናና እፍረት እንደሚሆንበት የተጻፈው (ምሳ. 18፥13) ለጎረቤት ብቻ አይደለም፤ ለባልና ሚስትም ነው።

ለወላጆች፣ ከመከልከላችሁ በፊት ተዋወቁ። ልጃችሁ አጠገብ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡና «ገጸ ባሕርይህ ማን ይባላል? ምን ይወዳል? ወዳጆቹስ እነማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማን እንደሚያናግረው፣ የግል ስሙንና አድራሻውን ሰጥቶ እንደሆነም በዚያው ታውቃላችሁ። ልጁ የፈጠረው ሰው ጀግና ሆኖ እርሱ ግን በትምህርት ቤት የሚሰደብ ሊሆን ይችላል። ስለ ገጸ ባሕርዩ ሲነግራችሁ ስለ ራሱ እየነገራችሁ ነው። የማትስ ወላጆች የልጃቸውን ወዳጆች ያወቁት ከሞቱ በኋላ ነው። እናንተ ግን ዛሬ ማታ መጠየቅ ትችላላችሁ። «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ቃል በጽሑፉ ብታገኙ ወይም ሰምቶ ቢነግራችሁ ግን እንደ ጨዋታ አትለፉት። አጠገቡ ሁኑ፤ ሐኪምና አማካሪ ለመፈለግም አትዘግዩ።

ለአገልጋዮችና ለጸሎት ቡድን መሪዎች፣ የተነገረንን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለጸሎትም ቢሆን አናውጣው። አንድ ሰው ሸክሙን በአደራ ሰጥቶን ሳይባክን ቢያገኘው፣ ሁለተኛ ጊዜ የሚመጣው ወደ እኛ ነው።

ወገኖቼ ሆይ፣ ጭምብል ለብሶ የሚናገር ሰው ውሸታም ነው ብለን አንቸኩል። ብዙ ጊዜ እውነቱን የሚናገርበት ሌላ ስፍራ ያጣ ሰው ነው። ማትስ በኢበሊን ስም የብዙዎችን እንባ ሰምቷል። እኛ በገዛ ስማችን፣ በገዛ ቤታችን የአንድ ሰው እንባ ለመስማት ጊዜ ካጣን፣ ጥፋቱን በኮምፒዩተሩ ላይ ማድረግ አይቻለንም። በዚህ ሳምንት ከቤተሰባችሁ አንዱን «ምን ሆንክ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ምንም» ቢላችሁም ቶሎ አትነሡ፤ ጥቂት ቆዩ።

የሐናን ነፍስ የሰማ አምላክ ቤቶቻችንን የሚሰማ ጆሮ ያለባቸው ያድርግልን። አሜን።